ትእዛዙ ከላይ፣ ኪሳራው ከታች፦ ከድሬዳዋ የነዳጅና ጋዝ መስክ አገልግሎት ሰጪዎች ግልጽ ደብዳቤ

በኦጋዴን የጋዝና የነዳጅ ሥራ ላይ ለምትወስኑ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች

ባላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

ይህን ደብዳቤ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ያላደረግነው አውቀን ነው። አንዱ ጋ ስንሄድ «ይሄ እኛን አይመለከትም፣ እነ እንትና ጋ ሂዱ» እንባላለን። እነ እንትና ጋ ስንሄድ ወደመጣንበት ይመልሱናል። ስለዚህ ለሁላችሁም በአንድ ወረቀት፣ ሕዝብ እያነበበው መጻፍ ይሻላል አልን። የምንጽፈውም የመስክ አገልግሎትን በሙሉ በአንድ ጨረታ ስላደረገው ሰርኩላር፣ ማለትም ከላይ ስለወረደው የሥራ ትእዛዝ፣ ስለማይከፈለን ገንዘብና ስለ ናፍጣ ነው።

እኛ ድሬዳዋ ተቀምጠን ካሉብና ሂላላ በሚባሉት የኦጋዴን የጋዝና የነዳጅ መስኮች የምንሠራ ሰዎች ነን። ጉድጓድ አንቆፍርም። ቆፋሪው እንዲቆፍር የሚያስፈልገውን ግን እኛ እናቀርባለን፦ ክሬን፣ ሎቤድ (ከባድ ማሽን የሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ)፣ የውኃ ቦቴ፣ ጀነሬተር፣ ብየዳ፣ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን)፣ የካምፕ ምግብ፣ የትራንዚት ሥራ። ከመሀላችን አምስት ስድስት መኪና ያለው አለ። አንድ መኪና ብቻ ያለውም አለ፤ እሱም ግማሹ የባንክ ነው።

ሥራው ለድሬ ሰው አዲስ አይደለም። ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። የቴኔኮ ኩባንያ አሜሪካውያን አገኙት፣ ደርግ ሲመጣ ሶቭየቶች ቀጠሉበት። ከዚያ ወዲህ ስንት ባለፈቃድ መጣ፣ ስንቱስ ሄደ። ሰኔ 2010 ሂላላ ላይ በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ መውጣት ጀመረ ሲባል ቤቱን አስይዞ ሎቤድ የገዛ ሰው እናውቃለን። የካቲት 2011 ላይ ወደ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር የጋዝ ቧንቧ ይዘረጋል ተብሎ ሲፈረም ሁለተኛ የጨመረም አለ። ቧንቧው አልተዘረጋም። የባንኩ ወለድ ግን አንድም ቀን አላረፈም።

ባለፈው መስከረም 22 ቀን 2018 የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል፣ ሁለተኛው ምዕራፍ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ይደርሳል ተባለ። ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የማዳበሪያ ፋብሪካም ይከተላል። ስለ ምረቃው እኛ የምንጨምረው የለም፤ ሁሉም በቴሌቪዥን አይቶታል። በቴሌቪዥን ያልታየውን እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ስላስጻፈን ሰርኩላር። በቅርቡ በወረደው በዚህ ትእዛዝ መሠረት የመስክ አገልግሎት በሙሉ በአንድ ጨረታ፣ በአንድ ፓኬጅ ይወጣል። ትራንስፖርት፣ ክሬን፣ ውኃ፣ ምግብ፣ የካምፕ ጥገና፣ ሁሉም አንድ ላይ። ተጫራቹ ሁሉንም ማቅረብ አለበት። ሰነዱ የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው። ማስከበሪያው ዳጎስ ያለ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ትእዛዝ) ነው። የዓመት ገቢው ከዚህ በታች የሆነ አይወዳደርም የሚል መስመርም አለበት። ከእኛ ውስጥ ይህን የሚያሟላ አንድም ሰው የለም።

ምን እንደሚሆን ከወዲሁ እንንገራችሁ። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ቢሮ ያለው፣ አንድም ክሬን የሌለው ድርጅት ያሸንፋል። ከዚያ ድሬ ይመጣና እኛኑ ይከራያል። በእኛው ክሬን፣ በእኛው ሹፌር፣ በእኛው ምግብ አብሳይ ሥራውን ይሠራል። ልዩነቱን ኪሱ ከቶ ይሄዳል። ይህ ጥንቆላ አይደለም። አሁንም የምንሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰርኩላሩ ልማዱን ደንብ አደረገው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም። በነገራችን ላይ ከእነዚህ አሸናፊዎች አንዱ ከዚራ ላይ ቡና ጋብዞን «ሪግ ስንት ጎማ አለው?» ብሎ ጠይቆናል። ሪግ እኮ የጉድጓድ መቆፈሪያው ማማ ነው። ሳቃችንን ዋጥ አድርገን ኮንትራቱን ፈረምንለት። ምን እናድርግ፣ ሥራው ያለው እሱ ጋ ነው።

ሁለተኛው የክፍያ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቻችንን አልጋ ላይ የጣለን ይሄ ነው።

ገንዘቡ ከላይ ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ? ባለፈቃዱ ለዋናው ኮንትራክተር ይከፍላል። ዋናው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው። እኛ አራተኛ ነን። ውላችን ላይ ደረሰኝ ከቀረበ በ30 ቀን ይከፈላል የሚል ተጽፏል። በተግባር ግን ወራት ያልፋሉ። ሦስተኛውን ስንጠይቀው «ከላይ አልወረደም» ይላል። ከላይ ያለውን ስንጠይቅ «እኛ ከፍለን ጨርሰናል» ይላል። ሁለቱን ፊት ለፊት ማገናኘት ደግሞ አይቻልም፤ እኛ ውል ያለን ከሦስተኛው ጋር ብቻ ነው።

አንዲት እህታችን የካምፕ ምግብ ታቀርብ ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲሙን ከቀፊራ ገበያ፣ ድንችና ጎመኑን ከሐረማያ ነጋዴዎች በዱቤ ታነሳለች። ፍየሉን እዚያው ከአርብቶ አደሩ በእጅ በእጅ ትገዛለች። እንጀራ ከድሬ ተጭኖ ቢሄድ በዚያ ሙቀት መንገድ ላይ ይሻግታል። ስለዚህ ምጣዱን፣ ጋጋሪዎቹንና ጤፉን ይዛ ካምፕ ገባች። ሠራተኛው በምግቡ ደስተኛ ነበር፤ ይህን የምንለው እኛም ስለበላነው ነው። በየወሩ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ደረሰኝ ከተቆረጠ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ማሳወቅና መክፈል ግዴታ ነው። ገንዘቡ አልገባልኝም ብትል ሰሚ የላትም፤ ደረሰኙ ተቆርጧላ። ያልተቀበለችውን ገንዘብ ግብር ከራሷ ኪስ ከፈለች። መጀመሪያ የቁጠባ ደብተሯ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ የአንገቷ ወርቅ ተሸጠ።

በመጨረሻ አሠሪዋ የነበረው ሦስተኛ ኮንትራክተር ቢሮውን ዘጋ። ስልኩም አይነሳም። ውሉ ላይ «አለመግባባት ቢፈጠር አዲስ አበባ በግልግል ይታያል» ይላል። ለግልግሉ ዳኛ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይምጣ? የቀፊራ ባለዱቤዎች ግን ግልግል አያውቁም፤ ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ናቸው። ለዋናው ኮንትራክተር አቤት ስትል «እኛ አንቺን አናውቅሽም» አሏት። ለመንግሥት አቤት ስትል «በግል ድርጅቶች መሀል ያለ ጉዳይ ነው» ተባለች።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም።

የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ። ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም መንግሥት ነው። ናፍጣውን ከውጭ የሚያስገባው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው፣ ኮታውን የሚያከፋፍለው መንግሥት ነው። ጉምሩኩ፣ ኬላው፣ መንገዱ የመንግሥት ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ ከመንግሥት እጅ የወጣ ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም። እኛ ስንከስር ብቻ ነገሩ የግል ጉዳይ ይሆናል። ይሄ አልዋጥ ብሎናል።

ሦስተኛው ናፍጣ ነው።

ማደያ በበርሜልና በጀሪካን እንዳይቀዳ ተከልክሏል። ክፍያውም በቴሌብርና በመሳሰሉት በመኪና ታርጋ ነው። ምክንያቱ ይገባናል። ናፍጣ በድንበር እየወጣ እንደሚሸጥ እናውቃለን። ኮንትሮባንድን ድሬዳዋ ላይ ያላወቀ የት ሊያውቀው ነው፣ አቦ! ነገር ግን ከቀብሪ ደሀር ካለፋችሁ በኋላ ማደያ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ማደያው ቢኖር እንኳ ናፍጣው የለም። ክሬን ደግሞ ናፍጣ የሚጠጣው ሲሄድ ብቻ አይደለም፣ ሲሠራም ነው። በታንከሩ ያለው ሄዶ፣ ሠርቶ፣ ተመልሶ አይበቃውም። ስለዚህ መጠባበቂያ መያዝ ግድ ነው።

ከጅጅጋ በታች አንድ ኬላ ላይ የሆነውን እንንገራችሁ። ሎቤዱ ጀነሬተር ጭኗል። ከጀነሬተሩ ኋላ ሁለት ሰማያዊ በርሜል በገመድ ታስሯል። ፈታሹ ወጥቶ ክዳኑን ፈታ፣ ቀጭን እንጨት ከተተ፣ አወጣው፣ አሸተተው። «ናፍጣ ነው» አለ። ሹፌሩም «ናፍጣ ነው» አለ። የፈቃዱን ደብዳቤ ሰጠው። ፈታሹ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ሻር አደረገው፤ ቀለሙ አልለቀቀም። «ፎቶ ኮፒ ነው።» ዋናው የት አለ ሲባል ዋናው ቀደም ብሎ ያለፈው መኪና ላይ ነው። ለአንድ ሥራ የሚሰጠው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነዋ፤ መኪናው ደግሞ አራት ነው። ስልክ ተደወለ። ደብዳቤውን የጻፈው መሥሪያ ቤት «እኛ ጽፈናል» አለ። ኬላው ደግሞ «እነሱ እኛን አያዙም» አለ። ሹፌሩ ሎቤዱ ሥር ጥላ ፈልጎ ተኛ። ረዳቱ ከሰል አያይዞ ሻይ ጣደ። እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። በርሜሎቹ ተወረሱ። መስኩ ላይ ደግሞ ጀነሬተሩን የሚጠብቀው ሰው የመዘግየት ቅጣት ያሰላ ነበር፤ ቅጣቱም ከእኛ ሂሳብ ላይ ተቆረጠ።

አገሪቱ ነዳጅ አገኘሁ ወዳለችበት ቦታ ነዳጅ ይዘህ ስትሄድ በነዳጅ ኮንትሮባንድ ትያዛለህ። ላለመያዝ ያለው አማራጭ ሁለት ነው። ወይ መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጡት በእጥፍ መግዛት፣ ወይ ኬላ ላይ መነጋገር። መነጋገር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባችኋል። ሁለቱም ደረሰኝ የላቸውም። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ ግብር ሰብሳቢው አይቀበለንም። እንግዲህ ሕጉን አክብሮ የሚሠራ ሰው የት ይግባ?

የዶላሩን ነገር አሳጥረን እንለፍ፤ የእኛ ብቻ ብሶት ስላልሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ውሳኔውን አንከራከርም። ነገር ግን ውላችን በብር፣ በአሮጌው ዋጋ የተፈረመ ነበር። የክሬን ሽቦ ገመድ፣ የሀይድሮሊክ ሆዝ፣ ፊልተርና ጎማ ግን የሚመጡት በዶላር ነው። ከላይ ያለው ኮንትራክተር የሚከፈለው በዶላር ነው። ማስተካከያ ስንጠይቅ «ውል ውል ነው» አለን። ይሁን። ውል ውል ከሆነ 30 ቀኑም ይከበርልን።

መለዋወጫ ካነሳን አይቀር ስለ አንድ ሻፍት እንንገራችሁ። መስክ ላይ የአንድ የውኃ ፓምፕ ሻፍት ተሰበረ። ከውጭ ለማምጣት ዶላሩ፣ መርከቡ፣ ጅቡቲው፣ ጉምሩኩ ተደምሮ ወራት ነው። ሰባራው ድሬ መጣ። እዚህ አንድ ቶርኖ ቤት አለ። ባለቤቱ ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው፤ አባቱ ደግሞ ከምድር ባቡር ጋራዥ። በዚህ ከተማ ብረት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሥሩ ሲመዘዝ እዚያ ጋራዥ ይደርሳል። ማታ ሰባራውን በካሊፐር ለካው፣ ከአሮጌ የከባድ መኪና አክስል ብረት ቆረጠ፣ ሲያሽከረክር አደረ። ጠዋት ሻፍቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ተጫነ። ፓምፑ ተነሳ። ከዚያ ወረቀቱን የሚያይ ሰው መጣና «የአምራች ሰርተፊኬት የለውም፣ ክፍያ አይፈቀድም» አለ። ፓምፑ እስከዛሬ በዚያ ሻፍት ይሠራል። ሠሪው ግን አልተከፈለውም።

ጉድጓድ ውስጥ ለሚገባ፣ ግፊት ለሚሸከም ዕቃ ሰርተፊኬት ይጠየቅ፤ እኛም ከዚያ ውጭ አንልም፤ የሰው ሕይወት አለበት። ለካምፕ ሻወር ውኃ ለሚስብ ፓምፕ ግን ከየትኛው አገር ሰርተፊኬት ነው የሚመጣው? ሁለቱን መለየት ያልቻለ ደንብ የደኅንነት ደንብ አይባልም።

ስለ ዝናብም አንድ ነገር። በኦጋዴን ጉ እና ደይር የሚባሉ ሁለት ዝናቦች አሉ። የጀረር ወንዝ ሲሞላ ደገሀቡር ላይ መኪና ይሰለፋል፤ ውኃ እስኪጎድል ከመጠበቅ ሌላ መፍትሔ የለም። ይህን ከብት ጠባቂ ሕፃን ያውቀዋል። የቅጣት ሰንጠረዡ አያውቀውም።

አሁን ስለ ሰዎቹ። ይህን ከሁሉ በፊት ማስቀደም ነበረብን፤ ግን በገንዘቡ ካልጀመርን የሚያነብልን አይኖርም ብለን ፈራን።

ሚያዝያ 16 ቀን 1999 አቦሌ ላይ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ተጠቅቶ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ያን ቀን ያስታወሰ የምሥራቅ ሰው ሁሉ ልጁን ወደ መስክ ሲልክ ሆዱ ይባባል። ዛሬ ሰላሙ ተሻሽሏል፤ ይህን ማንም አይክድም። ከዚያ መማር የነበረብን አንድ ነገር ግን አልተማርንም። መስክ ላይ ማን እንዳለ፣ በማን ስም እንደተቀጠረ፣ ኢንሹራንሱ የት እንደሆነ አሁንም በውል አይታወቅም።

አንድ ረዳት፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ጭነት ሲያራግፍ እጁን ሰንሰለት ቀጠቀጠው። ጅጅጋ ደረሰ፣ ከዚያ ሐረር ወደሚገኝ ሆስፒታል ተላከ። ሁለት ጣቱ ተቆረጠ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። አሠሪው ማነው? በአራት ውል መሀል ጠፋ። እያንዳንዱ ኮንትራክተር «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ጻፈ፤ ለዚህ ለዚህ ደብዳቤው በዕለቱ ይደርሳል። የሕክምናውን ያዋጡት ሾፌሮቹ ናቸው። አራት ድርጅት በላዩ ነበረው፣ አንዱም አልሆነለትም፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

አንድ ነገር በግልጽ ማለት እንፈልጋለን፣ ነገራችን እንዳይጠመዘዝ። ለሶማሌ ክልል ልጆች ቅድሚያ መሰጠቱን አንቃወምም። መሬቱ የእነሱ ነው፤ አቧራውን የሚጠጡት፣ ግመላቸው በከባድ መኪና የሚገጨው እነሱ ናቸው። መስክ ላይ አብረን ነው የምንሠራው፣ ኬላም ላይ አብረን ነው የምንጉላላው። የቀብሪ ደሀር የውኃ ቦቴ ባለቤትም እንደ እኛው ገንዘቡን እየጠበቀ ነው። ፓኬጁ የሚጥለው እሱንም እኛንም ነው። ስለዚህ «የድሬ ሰውና የሶማሌ ክልል ሰው ተጣሉ» ተብሎ እንዳይወራ፤ አልተጣላንም።

አሁን የምንጠይቀውን እንጠይቅ።

ሰርኩላሩ ይታገድ፣ ፓኬጁም ይበተን። ክሬን ለብቻው፣ ውኃ ለብቻው፣ ምግብ ለብቻው ጨረታ ይውጣ። ሰነዱ ድሬዳዋ፣ ጅጅጋና ጎዴም ይሸጥ። የሚጫረተው መሣሪያውን በስሙ የያዘ ሰው ይሁን፤ ሊብሬው ይታይ። ዑጋንዳ ነዳጇን ገና ሳታወጣ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣችው ደንብ 16 የሥራ ዓይነቶችን ለአገሬው ድርጅቶች ከልላለች። ትራንስፖርት አለበት፣ ምግብ አለበት፣ ክሬን ኪራይም አለበት። የእኛ የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295/1978 ነው፤ 40 ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ለእኛም ይጻፍልን። ሲጻፍ የሚጠይቀን ካለ ድሬ ይምጣና ያነጋግረን፣ ቡናውን እኛ እንጋብዛለን።

ዋናው ኮንትራክተር ቀጣዩን ክፍያ ከመቀበሉ በፊት ለቀደመው ሥራ በሥሩ ያሉት ሁሉ መከፈላቸውን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይገደድ። ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ፊርማው እናንተ ጋ ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት «ታች ያሉት ተከፍሏቸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሁለት እጅ በላይ ወደ ታች የሚወርድ ውልም ይከልከል። እስካሁን ላልተከፈሉት ሂሳቦች አንድ አጣሪ ይመደብና ደረሰኞቻችንን ይይ። ደረሰኞቹ በፋይል ተይዘዋል፤ የእህታችንም አለ።

ለናፍጣ አንድ የመስክ ፈቃድ ይኑር። ታርጋው፣ የሊትሩ መጠን፣ የመንገዱ መስመርና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት፤ ለእያንዳንዱ መኪና የየራሱ ይሰጥ። ኬላዎቹ ሁሉ እንዲያውቁት ያወጣው መሥሪያ ቤት ለእነሱም ይጻፍ። ቁጥጥሩ ይጥበቅ ካላችሁ ይጥበቅ፤ መስክ ስንደርስ በርሜሉ ይለካ፣ ስንመለስም ይለካ። ፈቃዱ ግን አንድ ኬላ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ ፎቶ ኮፒ አይሁን። ከዚያ በተሻለ ደግሞ መስኩ አጠገብ አንድ ማደያ ይቋቋም። በርሜል መጫን ያኔ አያስፈልገንም።

የውል ዋጋ ከምንዛሪና ከናፍጣ ዋጋ ጋር የሚስተካከልበት አንቀጽ በየውሉ ይግባ። በመንግሥት ውሳኔ የመጣን ለውጥ ትንሹ ባለመኪና ብቻውን አይሸከም። ጎርፍ መንገድ ለዘጋበት ቀንም ቅጣት አይቆጠር።

መስክ የሚገባ ሰው ሁሉ በበሩ ሲያልፍ ይመዝገብ፦ ስሙ፣ አሠሪው፣ የኢንሹራንሱ ቁጥር። ኢንሹራንስ የሌለው አይግባ። አሠሪው ከጠፋ ዋናው ኮንትራክተር ይጠየቅ። ጣቱን ያጣው ልጅ ካሳ ደግሞ ይህ ሁሉ እስኪሆን አይጠብቅ፤ አሁን ይታይለት።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ቢሮ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚወስን ሰው ይቀመጥልን፤ ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሳይሆን ራሱ የሚፈርም። ይህች ከተማ በ1895 የተቆረቆረችው ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት እዚህ በመቅረቱ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዕቃ ማንሳት፣ መጫንና ማሻገር ሥራችን ነው። ደረቅ ወደቡ እዚህ ነው። ነፃ የንግድ ቀጠናው እዚህ ነው። 752 ኪሎ ሜትሩ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በደጃችን ያልፋል። ለመስኩ የሚሄድ ዕቃ አብዛኛው በደንገጎ ዳገት ወጥቶ ነው የሚያልፈው። ለዚህ ሁሉ አንድ ፈራሚ ይበዛብናል?

ጨረታው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ከተከፈተ በኋላ የሚመጣ መልስ ለእኛ መልስ አይሆንም። ለውይይት ብትጠሩን ተወካዮቻችን ዝግጁ ናቸው፤ ደረሰኙንና ውሉን ይዘው ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

ካሉብና ሂላላ መስኮች ላይ የምንሠራ የክሬን፣ የሎቤድና የውኃ ቦቴ ባለንብረቶች፣
የቶርኖና የብየዳ ቤቶች ባለቤቶች፣
የካምፕ ምግብ አቅራቢዎች፣
ትራንዚተሮች፣ ሹፌሮችና ረዳቶች

በስማቸው የጻፈው፦ የመስክ ሥራዎች አስተባባሪ

ድሬዳዋ፣ 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ሰርኩላሩ ለደረሳቸው ኮንትራክተሮች በሙሉ
ከጅጅጋ እስከ ካሉብ ላሉ ኬላዎች፣ ከዋናው ማኅተም ጋር